ወሬው ከማን አፍ ወጣ? ሰርጎ ገብ መርማሪና የቤት ውስጥ ከሃዲ

በሸርቆሌ ወረዳ በባህላዊ መንገድ የተመረተ ወርቅ ለብሔራዊ ባንክ መቅረቡ ቀርቶ ሌሊት ሌሊት ወደ ሱዳን እየተሻገረ ነው የሚል ጥቆማ ለፖሊስ ደረሰ እንበል። መርማሪዎቹ መከሩና ሐሙስ ማታ መንገዱ ላይ ሊጠብቁ ተስማሙ። ሐሙስ ማታ ወርቁን የሚጭነው መኪና ሳይመጣ ቀረ። ዓርብ ጧት ጠባቂዎቹ ሲበተኑ ግን አለፈ። ለሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ተቀጠረ፤ መኪናው ሰኞ አልፎ ሄዷል። ይህ ለማስረዳት ያህል የፈጠርኩት ምሳሌ ነው፤ በሸርቆሌ የተፈጸመ ታሪክ አይደለም። ነገሩ ግን በየትኛውም አገር ያለ መርማሪ የሚያውቀው ነው። አንዴ ሲሆን አጋጣሚ ይባላል፤ ሲደጋገም ግን ከምክሩ ተካፋዮች አንዱ ወሬ እያወጣ ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ምርመራው ሁለት ይሆናል። አንደኛው ወርቁን የሚያሻግሩት እነማን ናቸው የሚለው ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ከመካከላችን የሚነግራቸው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በይፋ መጠየቅ አይቻልም፤ የሚፈለገው ሰው እዚያው ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ነገሩን ከሌላው ጫፍ መያዝ ያስፈልጋል፦ ወሬው ከሚወጣበት ሳይሆን ወሬው ከሚደርስበት። አንድ መርማሪ ስሙን፣ ሥራውንና ታሪኩን ለውጦ ከወንጀለኞቹ ጋር ይቀላቀላል፤ እዚያ ሆኖ ወሬው በማን ስልክ፣ በማን ደላላ፣ በምን ያህል ገንዘብ እንደሚመጣ ይከታተላል። ሰርጎ ገብ መርማሪ የሚባለው ይህ ሰው ነው። በፊልም ብዙ አይተነዋል፤ ፊልም የማያሳየው ግን የሥራው አብዛኛው ክፍል መጠበቅ መሆኑን ነው።

ሸርቆሌን ለምሳሌ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወረዳው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን፣ ከሱዳን ጋር በሚዋሰነው ጫፍ ላይ ነው። በስሙ የሚጠራው የስደተኞች ካምፕ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳንና ከታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የመጡ ሰዎች ኖረውበታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል የሚገባው ስደተኛ ጨምሯል። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ገበያው ላይ የበርታ ቋንቋ፣ ዓረብኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ይሰማሉ። በዚያ ላይ ወርቅ አለ። ወርቅ ለኮንትሮባንድ የሚመች ዕቃ ነው፤ ትንሹ ብዙ ያወጣል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አይበላሽም። ሕጋዊው ዋጋ ከጥቁር ገበያው ዋጋ ሲያንስ ወርቁ ድንበር ይሻገራል፤ ልዩነቱ ሲጠብ ወደ ባንክ ይመለሳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅ በጣም መጨመሩ ይህን ያሳያል። ፖሊስ ያላስቆመውን ኮንትሮባንድ ዋጋ ሊያቀዘቅዘው ይችላል።

እንዲህ ባለ አካባቢ ባዕድ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ከአዲስ አበባ የተላከ መርማሪ ወርቅ ገዢ ነኝ ብሎ ቢመጣ፣ ሻይ ሳይቀርብለት ማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንደላከው፣ የት እንዳደረ ይጠየቃል። ሰርጎ ገብነት ደፋር መሆን ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ከድፍረቱ በፊት ዋስ ያስፈልጋል፤ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚል የታመነ አፍ።

በዚህ ረገድ የሚጠቀሰው ትልቁ ምሳሌ የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) መርማሪ ጆሴፍ ፒስቶን ነው። ከ1976 እስከ 1981 እ.ኤ.አ. ድረስ ዶኒ ብራስኮ በሚል ስም የጌጣጌጥ ሌባ መስሎ በኒውዮርክ ቦናኖ ከሚባለው የማፊያ ቤተሰብ ጋር ኖሯል። አስቀድሞ ስለ ከበሩ ድንጋዮች ተምሯል፤ ሌባ ነኝ የሚል ሰው የሰረቀውን ዕቃ ዋጋ ካላወቀ አንድ ቀን አይቆይምና። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ አልጠየቀም። ቡና ቤት ይቀመጣል፣ ዳማ መሳይ ጨዋታ ይጫወታል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ጠያቂ ሰው ያስጠረጥራል፤ ዝም ብሎ የሚመላለስ ሰው ግን ቀስ በቀስ የቤት ሰው ይሆናል። ሥራው ሲያበቃ ከ100 በላይ ሰዎች ተፈርዶባቸዋል። ማፊያው በራሱ በፒስቶን ላይ 500,000 ዶላር የግድያ ዋጋ ቆርጦ ነበር። ያመነውና ያቀረበው አለቃ፣ ሶኒ ብላክ የሚባለው ዶሚኒክ ናፖሊታኖ፣ ነገሩ በታወቀ በሳምንታት ውስጥ በገዛ ጓደኞቹ ተገደለ። ሰውየው ወንጀለኛ ነበር፤ ቢሆንም የሞተው ሰው በማመኑ ነው። ይህን ሥራ ስናደንቅ ይህንን ሒሳብ ባንዘለው ጥሩ ነው።

ወደ ወሬ አውጪው እንመለስ። ሰርጎ ገቡ ውስጥ ገብቷል፤ አሁን ከሃዲውን እንዴት ይለየዋል? የታወቀ ዘዴ አለ። በምሳሌያችን ውስጥ ስለ ፍተሻው የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው እንበል። አለቃቸው ለአንደኛው ፍተሻው ረቡዕ ነው ይለዋል፣ ለሁለተኛው ሐሙስ፣ ለሦስተኛው ቅዳሜ። ሦስቱም የተነገራቸው ለየብቻ፣ በምስጢር ነው። ከዚያ በወንጀለኞቹ መካከል ያለው ሰርጎ ገብ ጆሮውን ይጥላል። ደላላው «ሐሙስ እንዳትንቀሳቀሱ» ያለ እንደሆነ ወሬው ከሁለተኛው ሰው ወጥቷል። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ካወሩ መፍረሱ ነው። ደግሞም አንድ ጊዜ መያዙ ማስረጃ አይሆንም፤ ሰውየው ለሚስቱ ነግሮ እሷ ለወንድሟ ነግራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይደጋገማል፣ ገንዘቡም ይፈለጋል።

ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከሰው አፍ የተሻለ ይናገራል። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ባልደረባ የነበረው አልድሪች ኤምስ ለሶቪየት፣ በኋላም ለሩሲያ ምስጢር ሲሸጥ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቷል፤ በእሱ ጥቆማ ለአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ሶቪየታውያን ተገድለዋል። በዓመት 70,000 ዶላር የማይሞላ ደመወዝ ይዞ 540,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት በጥሬ ገንዘብ ገዛ፣ ጃጓር መኪና ነዳ። ባልደረቦቹ አዩ፤ የሚስቱ ቤተሰብ ሀብታም ነው ብሎ ሲነግራቸው አመኑት። በመጨረሻ አንድ ትንሽ ቡድን ከሶቪየት ዲፕሎማት ጋር ምሳ የበላባቸውን ቀናት ባንክ ገንዘብ ካስገባባቸው ቀናት ጋር ጎን ለጎን ጻፈ። ቀናቱ ገጠሙ። የካቲት 1994 እ.ኤ.አ. ተያዘ። በእኛም አገር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሥልጣናትና የመንግሥት ሠራተኞች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድድ አዋጅ (ቁጥር 668/2002) አለ። የተመዘገበው ሰነድ ካልተመረመረ ግን ወረቀት ብቻ ነው።

ከሃዲን ለማጋለጥ ሲባል ሰርጎ ገብ ከተላከባቸው ታሪኮች ሁሉ ለርእሳችን የሚቀርበው የሮበርት ሃንሰን ነው። ሃንሰን የኤፍቢአይ መርማሪ ነበር፤ ሥራውም የሶቪየትን ሰላዮች መከታተል ነበር። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አልፎ አልፎ እያቋረጠ፣ ለ22 ዓመት የራሱን መሥሪያ ቤት ምስጢር ሸጠ፤ በጥሬ ገንዘብና በአልማዝ 1.4 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ክፍያ ተቀበለ። ታሪኩን ከሌሎች የሚለየው፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከሃዲ አለ የሚለው ጥርጣሬ እንዲጠና ሲታዘዝ ከአጥኚዎቹ አንዱ እሱ ራሱ መሆኑ ነው። ቀበሮዋን በግ ጠባቂ አደረጓት። ይህ ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ የሆነ የሲአይኤ ባልደረባ ለዓመታት ተጠርጥሮ ተከታትለውታል፣ ቤተሰቡን አስጨንቀዋል። ከሃዲ ፍለጋ ሁልጊዜ ይህ አደጋ አለበት፦ ጣት የተቀሰረበት ሰው ንጹሕ ቢሆንም ስሙ እንደ ድሮው አይመለስም።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ ወገን ነው። አሜሪካኖቹ ከአንድ የቀድሞ የሩሲያ የስለላ ሰው 7 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ፋይል ገዙ። ፋይሉ ውስጥ የድምፅ ቅጂ ነበረበት፤ ድምፁን የሰሙት መርማሪዎች ሌላ ሰው ሲጠብቁ የሃንሰን ሆኖ አገኙት። አሁን እጅ ከፍንጅ መያዝ ቀረ። በዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ ክፍል ተፈጠረና ሃንሰን አለቃ ተደረገ፤ ኤሪክ ኦኒል የሚባል 27 ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ረዳቱ ሆኖ ተመደበለት። ኦኒል መሣሪያ አልታጠቀም፤ ሥራው ወረቀት ማዘጋጀት፣ ስልክ ማንሳት፣ የአለቃውን ረጅም ስብከት መስማት ነበር። አለቃው የማይለየው አንድ ዕቃ አለ፦ ፓልም ፓይለት የሚባል የእጅ ኮምፒውተር። አንድ ቀን ሃንሰን ወደ ዒላማ መለማመጃ ሲወሰድ ኦኒል ከቦርሳው አወጣው፣ ለባለሙያዎች ሰጠ፣ ቀዱት፣ ሮጦ መለሰው። የትኛው የቦርሳ ኪስ ውስጥ እንደነበረ ግን እርግጠኛ አልነበረም። በሥራው ሁሉ ልቡ የቆመችው ያን ጊዜ ይመስለኛል። መሣሪያው ውስጥ የተገኘው መረጃ ቀጣዩን ርክክብ ጠቆመ፤ የካቲት 18 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ሃንሰን በቨርጂኒያ አንድ መናፈሻ ውስጥ ምስጢር የያዘ ጥቅል ከድልድይ ሥር ሲያስቀምጥ ተያዘ። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ2023 እ.ኤ.አ. እስር ቤት ሞተ።

በኢትዮጵያ የሚታወቅ ተመሳሳይ ታሪክ ካለ የሚቀርበው በሰው አዘዋዋሪዎች ዙሪያ ያለው ነው፤ ሰርጎ ገብ ግን አይታይበትም። ኪዳኔ ዘካሪያስ ሀብተማርያም የተባለው ኤርትራዊ በሊቢያ በኒ ዋሊድ ስደተኞችን አጉሮ በማሰቃየትና ከዘመዶቻቸው ገንዘብ በመሰብሰብ ስሙ የገነነ ነው። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተያዘ። ያስያዘው የተደበቀ ካሜራ ወይም ስልክ ጠለፋ አይደለም፤ በእጁ የተሰቃየ አንድ ሰው በጎዳና ላይ አይቶ ለይቶት ለፖሊስ ጠቆመ። በሳምንታት ልዩነት «ወሊድ» በሚል ቅጽል የሚታወቀው ተወልደ ጎይቶምም እዚያው ከተማ ተያዘ። ሁለቱም ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ከሊቢያ የተረፉ ወጣቶች መጥተው ምስክርነት ሰጡ።

ከዚያ የካቲት 2013 ዓ.ም. ሆነ። ኪዳኔ ለችሎት ከመጣበት ፍርድ ቤት ልብሱን ለውጦ ወጥቶ ሄደ። በጠባቂዎች ተከቦ የመጣ እስረኛ በእግሩ ተራምዶ ሲወጣ የሚነሳው ጥያቄ የምሳሌያችን ጥያቄ ነው፤ ማን ረዳው? ጥርጣሬው ወዲያው ወደ ውስጥ ዞረ። በሌለበት ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ እሱ ግን አገር ለቆ ነበር። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ ሱዳን ውስጥ ተያዘ። ፍለጋውን የመሩት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፖሊሶች ሲሆኑ ኢንተርፖል ተባብሯል፤ ኢትዮጵያና ኔዘርላንድስ ሁለቱም የእስር ማሳወቂያ አውጥተውበት ነበር። ዱካው የተገኘው በዘመዶቹ እጅ የሚንቀሳቀሰውን ገንዘብ በመከተል ነው። ወሊድም ቀደም ብሎ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጥቶ ነበር። ምርመራው፣ ምስክሩ፣ ችሎቱ ሁሉ ተሠርቶ ያለቀ ጉዳይ በአንድ በር ሊከሽፍ ምንም አልቀረውም ነበር።

ወደ ኋላ ሄደን ስናይ ለሰርጎ ገብነት አዲስ አይደለንም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ባንዳ የሚባለው ከጠላት ጋር የወገነው ነበር፤ በዚያው ቢሮ፣ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ደግሞ የውስጥ አርበኛው ይቀመጥ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ሆነው ለአርበኞች መረጃ፣ መድኃኒትና ጥይት ያቀብሉ ነበር፤ ተይዘው ተሰቃዩ፣ ጣሊያን ውስጥ ወደምትገኘው አዚናራ ደሴት ተጋዙ፣ ሲመለሱም ትግሉን ቀጠሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት ሁለት ወጣቶች አንዱ አብርሃ ደቦጭ በጣሊያኖቹ የፖለቲካ ቢሮ ይሠራ ነበር። በጣሊያኖቹ ዘንድ የታመነ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው ጭፍጨፋ ይታወቃል። የሰርጎ ገቡን ሥራ ዋጋ ሁልጊዜ የሚከፍለው ሰርጎ ገቡ ብቻ አይደለም።

ያ ዘመን ግን ጦርነት ነበር፤ የዛሬው መርማሪ በሕግ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው፣ ኢትዮጵያም ያጸደቀችው የተደራጀ ድንበር ተሻጋሪ ወንጀልን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአንቀጽ 20 የሽፋን ምርመራን፣ የኤሌክትሮኒክ ክትትልንና ዕቃው እየተጠበቀ እንዲያልፍ መፍቀድን ለአገሮች ይፈቅዳል። የመጨረሻው በሸርቆሌ ምሳሌያችን ወርቁን ኬላ ላይ አለመያዝ ማለት ነው፤ ተከትሎ ሄዶ ገዢውን ማየት። በአገራችንም በ2005 ዓ.ም. የወጣው በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው አዋጅ ለእንዲህ ያለ ምርመራ በር ከፍቶ ነበር። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ግን ርቆ ሄደ፤ በሽፋን የሚመረምር ሰው በሥራው ምክንያት ለሚፈጽመው ወንጀል፣ ከሰው መግደል በስተቀር፣ እንዳይጠየቅ ደነገገ።

ይህ ድንጋጌ ክርክር አስነስቷል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ሰርጎ ገብ ያለ ምንም ከለላ መሥራት አይችልም፤ ኮንትሮባንድ አስተላላፊ መስሎ የገባ ሰው አንድም ዕቃ ሳይነካ ሊታመን አይችልም። ከለላው ግን ከግድያ በታች ያለውን ሁሉ፣ ድብደባንና ዘረፋን ጭምር፣ ከሸፈነ መርማሪውን ከወንጀለኛው የሚለየው ምንድን ነው? ለኔ እንደሚመስለኝ ፈቃዱ አስቀድሞ በዓቃቤ ሕግና በፍርድ ቤት የተሰጠ፣ ምን ማድረግ እንደሚችል በጽሑፍ የተወሰነ፣ የጊዜ ገደብ ያለው መሆን ነበረበት። እንግሊዞች ያለዚህ ምን እንደሚሆን አይተዋል። ማርክ ኬኔዲ የተባለ ፖሊስ ከ2003 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በአካባቢ ተሟጋቾች መካከል በሐሰት ስም ኖረ፣ ማንነቱን ከማያውቁ ሴቶች ጋር የፍቅር ግንኙነት ጀመረ፤ ሲጋለጥ በተሟጋቾቹ ላይ የተመሠረተ ክስ ፈረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው አጣሪ ጉባኤም ጉዳዩን ለዓመታት ሲመረምር ቆየ።

ሌላው ወሰን ማጥመድ ነው። ወርቅ ለማሻገር ያላሰበን ድሀ አምራች «ተው እንጂ፣ እኔ በእጥፍ እገዛዋለሁ» እያለ የሚገፋፋ መርማሪ ወንጀልን አላጋለጠም፤ ወለደ። በአግባቡ የሚሠራ ሰርጎ ገብ የሚያየው ያለ እሱም ሊሆን የነበረውን ነው። ለዚህም ነው ከጀርባው ተቆጣጣሪ የሚኖረው፤ የሚያገኘው ሰው ጥቂት፣ የሚጽፈው ማስታወሻ ብዙ፣ ሲደክመው ወይም ሲላመድ ከሥራው የሚያወጣው አለቃ። ከሃዲው ውስጥ ነው የሚል ጥርጣሬ ባለበት ጉዳይ ደግሞ ተቆጣጣሪው ከዚያው ቢሮ መሆን የለበትም። የሸርቆሌውን ጉዳይ የሚያውቁት የአሶሳ ሰዎች ከሆኑ፣ ሰርጎ ገቡን የሚያውቅ ሰው ከአሶሳ ውጭ መቀመጥ አለበት።

የሰርጎ ገብ ማስረጃ ለብቻው ችሎት ላይ ብዙ አይራመድም፤ የምስክር ቃል ያስፈልገዋል። የምስክሮችና የጥቆማ ሰጪዎች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 699/2003) ማንነትን መደበቅን፣ በዝግ ችሎት መስማትንና መኖሪያ መቀየርን ይፈቅዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር የቀየረ ሰው ሊሰወር ይችላል። በጠረፍ ወረዳ፣ ሁሉም የሁሉንም ቤት በሚያውቅበት፣ ነገሩ ይለያል። ስደተኛ ምስክር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ የሚመገበው እርዳታ፣ መታወቂያው፣ የጥገኝነት ፋይሉ ካለበት ካምፕ ጋር የተያያዘ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ከካምፕ ውጭ የመኖር ዕድል ቢከፍትም፣ ምስክር ለመሆን የፈቀደ ስደተኛ ወዴት እንደሚዛወር፣ ማን እንደሚከፍልለት፣ ፋይሉን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ምን ያህል ማወቅ እንዳለበት ዝርዝር አሠራር ይፈልጋል። ፋይሉን የሚያየው እጅ በበዛ ቁጥር ወሬ የሚወጣበት በርም ይበዛል።